እሽኮኮና ጎመን

ኑ ቅረቡ፣ ቁጭ በሉ! ጎመን የማትወዱም ቅረቡ፤ አልቆጣችሁም።

ውዳሴ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም።

ደረጃው ግን ለውዳሴ ምኗም አልነበረም። አባቷ እሽኮኮ ያደርጋት ነበራ!

«አባዬ፣ እሽኮኮ!» ትላለች። ሆፕ! አንገቱ ላይ ቁጭ።

አንደኛ ፎቅ! ሁለተኛ ፎቅ! ሦስተኛ ፎቅ! አራተኛ ፎቅ፣ ቤት!

አንድ ቀን አባዬ ታመመ። ክፉኛ ታመመ። ሆስፒታል ተኝቶ ሰነበተ፣ ሰነበተ፣ ሰነበተ።

ወደ ቤት ሲመለስ እግሩ ቀጥኗል፣ ክንዱም ቀጥኗል። ሁለት ጎረቤቶች ደግፈው ነው ደረጃውን ያወጡት።

ውዳሴ ሮጣ ሄደች። «አባዬ፣ እሽኮኮ!»

አባዬ እጁን ዘረጋ። ሊያነሳት ሞክሮ አቃተው። «አልችልም፣ የኔ እናት» አለና አለቀሰ።

ውዳሴ አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም።

ሐኪሟ ለእማዬ ነግራታለች። «በየቀኑ ትንሽ ክብደት ያንሳ። አትክልት በደንብ ይብላ። ጉልበቱ ይመለሳል። ግን ቀስ በቀስ! መቸኮል የለም!»

እማዬ ሁለት የቲማቲም ድልህ ጣሳዎች አጠበችና ሲሚንቶ ሞላቻቸው። ሲደርቁ የአባዬ ክብደት ሆኑ።

አባዬ ያነሳቸዋል። «እህ! አንድ! እህ! ሁለት! እህ! ሦስት!» ከዚያ ወለሉ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ኳ! ኳ!

ቀጥሎ ምሳ ይቀርባል። ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ምስር። አባዬ ግን ሳህኑን ገፋ ያደርገዋል። የታመመ ሰው አፉ ምግብ አይቀበልም።

ውዳሴ ጎመን በእንጀራ ጠቀለለች። «ጉርሻ፣ አባዬ! በሞቴ!»

የልጅ ጉርሻ እንዴት እምቢ ይባላል? አባዬ ጎረሰ።

ግን ያጎረሰም ይጎርሳል! አባዬ በተራው ጠቀለለ። ጎመን ነው! «አንድ ለኔ፣ አንድ ላንቺ!»

ወይ ጉድ! ውዳሴ ጎመን አትወድም፣ ሽታውንም አትወድም። ዐይኗን ጨፍና ዋጠችው። «እእእክ!»

በማግስቱም እንደዚያው። «እህ! አንድ! እህ! ሁለት! እህ! ሦስት!» ኳ! ኳ! «አንድ ለኔ፣ አንድ ላንቺ!» «እእእክ!»

ቀን መጣ፣ ቀን ሄደ። እሽኮኮ ግን የለም። ውዳሴ መጠበቅ ሰለቻት።

«ጣሳዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ነው!» አለች።

አልጋ ሥር የአባዬ የድሮ ክብደት አለ። ሲሚንቶ የሞሉ ሁለት ትልልቅ የቀለም ጣሳዎች፣ መሃላቸው ብረት። እማዬ ገበያ ስትሄድ ውዳሴ እየገፋች አወጣችው። ድድድድድ!

«ይሄን አንሳ፣ አባዬ! ከዚያ እሽኮኮ!»

አባዬ እምቢ ማለት ነበረበት። ትልቅ ሰው አይደል እንዴ? ግን የልጁን ዐይን አየና ጎንበስ አለ።

«እህ! እህህ! እህህህ!»

ዷ! ክብደቱም ወደቀ፣ አባዬም ወደቀ።

እማዬ ስትገባ ዘንቢሉን ጣለች። «እኔን! ምን ጉድ ነው!»

ወገቡ ተጎድቷል። አንድ ወር ሙሉ አልጋ ላይ ዋለ። «እህ!» የለም፣ «ኳ!» የለም። ቤቱ ጭር አለ።

ውዳሴ ከመጋረጃው ጀርባ ተደበቀች። «እኔ ነኝ የጣልኩህ» አለች እያለቀሰች።

«አንቺ አይደለሽም፣ የቸኮልኩት እኔ ነኝ» አለ አባዬ። «ይልቅ ነይ፣ ርቦኛል። ጉርሻዬን አምጪ።»

ከወር በኋላ እንደገና ጀመሩ። «እህ! አንድ!» ብቻ። ውዳሴም በትንንሽ ጠርሙሶች ውሃ ሞልታ አጠገቡ ቆማ ታነሳለች።

«አንድ ለኔ፣ አንድ ላንቺ!» ክረምት ገባ፣ ክረምት ወጣ። ሌላም ክረምት ገባ፣ ወጣ። ውዳሴ «እእእክ!» ማለት ተወች።

አንድ ቀን አባዬ ራሱ ትምህርት ቤት ሄዶ ወሰዳት። ደረጃው ሥር ሲደርሱ ቁጢጥ አለ። «ነይ፣ እሽኮኮ!»

ውዳሴ ልቧ ዘለለ። አንገቱ ላይ ወጣች። አባዬ ተነሣ። ቆመ!

አንድ ደረጃ። ሁለት ደረጃ። ሦስት ደረጃ። ጓ! የውዳሴ ጭንቅላት ከላይ ያለውን ኮንክሪት መታ። እግሯም የአባዬ ወገብ ጋ ደርሶ ይንጠለጠላል።

አባዬ ቀስ ብሎ አወረዳት።

«አልቻልክም?» አለች።

«እኔማ ችዬ ነበር። አንቺ አደግሽ። ያ ሁሉ ጎመን የት የገባ መስሎሻል?»

ውዳሴ አልሳቀችም። መረራት! ያን ሁሉ ጎመን የበላችው ለእሽኮኮ ነበር። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «የድሮውን እሽኮኮ ነው የምፈልገው!»

«እኔም» አለ አባዬ። «እኔም እሱኑ ነበር የምፈልገው።»

ደረጃው ላይ ተቃቅፈው ቁጭ አሉ። ሁለቱም አለቀሱ።

ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተነሡ። አንደኛ ፎቅ! ሁለተኛ ፎቅ!

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አባዬን ደከመው። «ክንዴን ያዝ» አለች ውዳሴ። ክንዷ ጠንካራ ነበር። አራተኛ ፎቅ፣ ቤት!

እማዬ ጎመንና ካሮት አቅርባ ትጠብቃቸዋለች። ውዳሴ አፍንጫዋ እንደቀላ ጠቀለለች። «አንድ ላንተ።»

አባዬ ጎረሰና በተራው ጠቀለለ። ጠቀለለ፣ ጠቀለለ።

«አባዬ፣ ይሄማ ትልቅ ጉርሻ ነው!»

«ትልቅ ልጅ ነሻ» አለ አባዬ።

ውዳሴም አፏን ከፈተች።