ሟቹ ጠርሙስ ውስጥ ነው

ደዋይዋ «ገደሉብኝ» ስላለች መርማሪው ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ አራት ፎቅ በደረጃ ሮጠ።

«ሬሳው የት ነው?»

ዓይኗ ያበጠ ወጣት ተመራማሪ ጠረጴዛው ላይ የቆመች የጣት ቁመት ያላት ጠርሙስ አሳየችው።

መርማሪው ጠርሙሷን አየ። ተመራማሪዋን አየ።

«እህቴ፣ እኔ የምጠራው ሰው ሲሞት ነው።»

«ኢንዛይም ነው። መሥራት ሲያቆም ሞተ ነው የምንለው።» አፍንጫዋን ጠረገች። «በየሕዋሳችን ውስጥ እንደ ወፍጮ ይሽከረከራል። የበላነው ምግብ ጉልበት የሚሆነው በእሱ ነው። ስምንት ወር ነው ያጣራሁት። ዛሬ ከሰዓት ፈታኞቼ ፊት ካልሠራ እባረራለሁ።»

«የክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ አለ?»

«እኔ፣ የጽዳት ሠራተኛዋና ፕሮፌሰሩ ጋ።»

የጽዳት ሠራተኛዋን አስጠራ። «እናቴ፣ ጠርሙሷን ነክተዋታል?»

«እዚህ ቤት አቧራውም የምርምር ነው፣ አትንኪ ተብያለሁ።»

ፕሮፌሰሩ ነጭ ጋውናቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ገቡ። «የምን ወንጀል ነው? ዝርክርክነት ነው። ኢንዛይም ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደሚቀመጥ ጀማሪም ያውቃል። እሷ ጠረጴዛ ላይ አሳድራ አበላሸችው።»

«በገዛ እጅሽ ነዋ!» መርማሪው ኮፍያውን አነሳ። ጠዋቱ ሙሉ በከንቱ መጥፋቱ አንገበገበው።

ግን የጠርሙሷ ጽሑፍ ዓይኑን ያዘው። ቀለሙ በውሃ ርሶ ወርዷል፤ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ያላበው ጠርሙስ እንዲህ ነው የሚሆነው።

«ይቺ ማቀዝቀዣ ገብታ ወጥታለች።»

የተመራማሪዋ ፊት ተለወጠ። «ሌላው ኢንዛይም ብርድ ይወዳል። ይሄኛው ግን ብርድ ሲያገኘው ይበታተናል። ጠረጴዛ ላይ የማሳድረው ለዚህ ነው።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔ፣ እና ያስተማሩኝ።» ወደ ፕሮፌሰሩ ዞረች።

መርማሪው በረጅሙ ተነፈሰ። «ተሳስቶ ማቀዝቀዣ ያስገባት ሰው እዚያው ይተዋታል። መልሶ ያቆማት የሠራውን ያውቃል። ፕሮፌሰር፣ ብርድ እንደሚገድለው እያስተማሩ ለእኔ ለምን ሌላ ነገሩኝ?»

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ።

ፕሮፌሰሩ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «የእሷ ውጤት ትክክል ከሆነ የእኔ የሃያ ዓመት ጽሑፍ ስህተት ነው። ከተማሪዬ አፍ መስማት አቃተኝ።»

መርማሪው ወረቀት ሰጣቸው። ለፈታኞቹ የሠሩትን በገዛ እጃቸው ጻፉ፤ ፈተናውም በስምንት ወር ተራዘመ።

ተመራማሪዋ ግን ደስ አላላትም።

«ጠርሙስ አያያዝ ያሳዩኝ እሳቸው ነበሩ እኮ» አለችና ማልቀስ ጀመረች።