ጉምሩክ ያላየው ደወል

አውሎ ነፋሱ ምሥራቁን መንደር ገርፎ ባለፈ ማግስት ሚስተር አርሊ ማክላፍሊን አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። መብራት ስለጠፋ ጄኔሬተሩ ሲሠራ አድሮ፣ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዙ በመስኮት ገብቶ ነው የጨረሳቸው። ይሄ እንቆቅልሽ የለውም። እንቆቅልሹ ከአልጋቸው በላይ፣ ከፍ ካለው ኮርኒስ ላይ የተሰቀለው የጋዝ ማስጠንቀቂያ ደወል ነበር። ሲከፈት ሆዱ ባዶ ነው፤ ባትሪ የለውም።

ኢንስፔክተር ኢና ኮኖሊ ሬሳውን አይታ ፊቷን አዞረች። ኬማን ደሴት ላይ እሳቸውን የማያውቅ ማን አለ? ዕድሜያቸውን ሙሉ ወደብና አየር ማረፊያ ቆመው ሻንጣ ያስከፈቱ የጉምሩክ ሰው ናቸው። የእሷንም አስከፍተዋል። «ኢና፣» ይሏት ነበር እየሳቁ፣ «እዚህ አገር ግብር ብሎ ከደሞዝሽ ሳንቲም የሚቆርጥሽ የለም። ታዲያ ያቺ የፖሊስ መኪናሽ ያለ ቀረጥ፣ በጸሎት የተገዛች መሰለሽ?»

መንደሩ ግን ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ገዳዩ የወንድማቸው ልጅ ካርሎን ነው። አጎቱ የጀልባውን ሞተር ቀረጥ ሳይምሩ አስከፍለውት ነበር፤ ጄኔሬተሩን መስኮቱ ሥር የጎተተውም እሱ ነው። ልጃቸው ዜልማ፣ የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ፣ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ በረንዳው ላይ ትጮሃለች።

«ባትሪውን አውጥቶ አባቴን ገደለው! እሰሩት እንጂ ምን ትጠብቃላችሁ!»

ኢና ካርሎንን ለብቻው ወሰደችው።

«ጄኔሬተሩን አንተ ነህ ያስጠጋኸው?»

«እኔ ነኝ ሚስ ኢና። ዝናቡ ሊያጠፋው ሆነ። አጎቴን ‹ጭሱስ?› ስላቸው ‹ዜልማ ያመጣችልኝ ደወል እያለ ምን አስጨነቀህ፣ ወደ ጣሪያው ሥር ሳበው› አሉኝ።»

«በሞተሩ ጉዳይ አኩርፈሃቸው ነበር።»

«አዎ፣ አኩርፌ ከረምኩ። ከዚያ ልጄ ተወለደች። ሚስቴ በምጥ ስትጨነቅ ሆስፒታሉ አንድ ነገር አላጎደለባትም። አጎቴ መጡና ሕፃኗን አቅፈው ‹ይኸውልህ የሞተርህ ቀረጥ!› ብለው ሳቁብኝ። ምን ልበል? ታረቅን።» ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ካልታመንኩ እሰሩኝ። እኔ ነኝ ያስጠጋሁት።»

ኢና ወደ መኝታ ቤቱ ተመለሰችና አልጋው ላይ ቆማ እጇን ደወሉ ተሰቅሎበት ወደነበረው ቦታ ዘረጋች። አልደረሰችም። ከእሷ በጣም የሚረዝመው ካርሎንም ቢሞክር አልደረሰም። ፖሊሶቹም ቢሆኑ ጠዋት ያወረዱት በራሳቸው መሰላል ነው።

«የቤቱ መሰላል የት ነው?»

ጎረቤታቸው ሽማግሌው ሚስተር ዊልበርን አፈሩ። «እኔ ጋ ነው። መስኮቴን በጣውላ ልመታ ተውሼው። ሰው ከሞተ በኋላ ዕቃ ይዞ መምጣት ነውር መስሎኝ ተውኩት።»

«መቼ ነው የወሰዱት?»

«ማዕበሉ የመጣ ዕለት። ዜልማ ደወሉን ሰቅላ ስትወርድ ከእግሯ ሥር ነው የተቀበልኳት።»

ኢና ደወሉን ገልብጣ ጀርባውን በጣቷ ዳሰሰች። የተፋቀ ወረቀት ሙጫ ጣቷን ያዝ አደረገው። አፍንጫዋን አስጠጋች፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ አለው። ከተማ ወርዳ፣ ጉምሩክ ጠይቃ፣ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

ዜልማን፣ ካርሎንንና ሽማግሌውን በረንዳው ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ያለ መሰላል ይሄን ደወል የሚነካ የለም። መሰላሉ ደግሞ ደወሉ እንደተሰቀለ ከቤቱ ወጥቷል። ስለዚህ ባትሪው የወጣው ከመሰቀሉ በፊት ነው። ካርሎን አይደለም፤ ማንም ሌሊት ገብቶ የነካው የለም።»

«ታዲያ ማነው?» አለች ዜልማ።

«የዋጋው ወረቀት ተፍቋል። እንዴት እንደሚፋቅ ሁላችንም እናውቃለን።»

ሚስተር ዊልበርን መሬት መሬት አዩ። አሜሪካ፣ ማያሚ ሸምቶ የመጣ ሁሉ ያደርገዋል። ካርቶኑን እዚያው ይጥላል፣ ወረቀቱን ይፍቃል፣ አዲሱን ጫማ አቧራ ያስረግጠዋል። ዕቃው አሮጌ ይመስልና ቀረጡ ያልፈዋል።

«ደወል ግን ከጫማ ይለያል፣» አለች ኢና ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሻንጣ ውስጥ ይጮሃል። ጉምሩክ ፊት እንዳይጮህ ምን ይደረጋል፣ ዜልማ?»

ዜልማ ዞር ብላ ወደ ቤት ውስጥ አየች። ከዚያ «ካልሲ፣» አለች። «ባትሪውን አውጥቼ ካልሲ ውስጥ ነው የከተትኩት።»

ተነስታ ገባች። ገና ያልተራገፈው ሻንጣዋ ሲከፈት ተሰማ። ስትመለስ አንድ የተጠቀለለ ካልሲ ይዛለች፤ ባትሪው ከውስጡ ወደቀ።

«ረሳሁት ሚስ ኢና። እግዜር ያውቃል፣ ረሳሁት። ከሆስፒታል እየደወሉ ‹ማዕበል መጣ፣ ድረሺ› ይሉኛል፤ ሰቅዬው ሮጥኩ።» ባትሪውን አንስታ ደወሉ ውስጥ አስገባችው፤ ቁልፉን ስትጫነው ጮኸ። የመንደሩ ውሻ ሁሉ ተከትሎ ጮኸ። ካርሎን ነጻ ወጣሁ ብሎ ደስ አላለውም፤ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

«እንኳንም ሳያውቅብኝ ሞተ፣» አለች ዜልማ። «የጉምሩኩ ሰው ልጅ ቀረጥ ሰርቃ መግባቷን ሳያውቅ።»

ኢና ይሄን ነገር ሳትናገር ብትቀር በወደደች ነበር። ግን ሐሰት ደግሞ ለሚስተር አርሊ ቤት አይሆንም።

«ያውቁ ነበር፣ ልጄ። ከማያሚ መጥተሽ ደወሉን በሰጠሻቸው ማግስት፣ ማዕበሉ ሳይመጣ ገና፣ ጉምሩክ ሄደዋል። ያን የቀለም ማስለቀቂያ ሽታማ ከማንም በላይ እሳቸው ያውቁታል። ‹ልጄ ማስመዝገብ ረስታው ነው› ብለው ከፈሉልሽ። ገንዘብ ተቀባይዋ ‹ይቅርብዎ፣ ለእርስዎማ› ብትላቸው ‹ዜልማስ ደሞዟን ከየት ታገኛለች?› ብለው ሳቁባት።»

«ለምን አልነገረኝም? አንድ ቃል ቢናገረኝ... ቢቆጣኝ እኮ ባትሪው ትዝ ይለኝ ነበር።»

«እንዳታፍሪ ነዋ።»

ዜልማ ደወሉን እቅፏ ውስጥ አድርጋ ቁልፉን እንደገና ተጫነች። ካርሎን መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ትከሻዋን ያዘ። ደጋግማ አስጮኸችው። ማንም አቁሚ አላላትም።