ደርሰዋል

እንግዳሸት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ለአሥር ሰዓት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ደብተሩን በምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እርሳሱን ቀረጸ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሜትሮሎጂ ጣቢያ ዝናብና ሙቀት ሲመዘግብ የኖረ ሰው ነውና፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ ያልተጻፈ ነገር የተደረገ አይመስለውም ነበር። በገጹ አናት ላይ «ኬሎ ሐይቅ፣ ብሔራዊ ደን፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ሁለት ሰው» ይላል። «ሁለት» ከሚለው ቃል ሥር ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ሁለተኛዋ ሰው ልጁ ውቢት ነበረች። የምትኖረው አዳማ ነው፤ አሰላ ካለው ቤቱ በመኪና ሩቅ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ደጁን ከረገጠች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ከሦስት ዓመት በፊት እናቷ እቴነሽ በዚያ ሐይቅ ዳር ከተከሉት ድንኳን ወጥታ፣ ቢጫ ጀሪካን ይዛ፣ ጠዋት ውሃ ልትቀዳ ወረደች። እሱ ከድንኳኑ ደጃፍ የጠዋቱን ሙቀት እያነበበ ነበር። «እንግዳሸት» ብላ አንድ ጊዜ ተጣራች። «መጣሁ» አላት። ቴርሞሜትሩ እስኪረጋ ጠበቀ፣ ቁጥሩን ጻፈ፣ ከዚያ ወረደ። ውሃው ላይ ጀሪካኑ ብቻ ይንሳፈፍ ነበር። ጠላቂዎች ስድስት ቀን ፈልገው ምንም አላገኙም። ለፖሊስ ቃሉን ሲሰጥ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ከጠራችኝ ጀምሮ እስክደርስ አራት ደቂቃ ነው» አለ። ውቢት አጠገቡ ተቀምጣ ትሰማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ትደውላለች፣ «እንኳን አደረሰህ» ትላለች፣ ትዘጋለች። ባለፈው ወር ግን «እዚያው ሄደን አብረን እንሰናበታት» ሲላት፣ «እሺ አባዬ። ግን ቀድመህ ድረስ። እዚያ ሜዳ ላይ ብቻዬን አልቆምም» አለችው። ይህንንም ጽፎታል።

ልክ አሥር ሰዓት ሲሆን ደወለ። የደኑ ጥበቃ ጃርሶ ኔትወርክ የሚያገኘው በዚህ ሰዓት፣ ከሐይቁ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። ዘንድሮ የተቀጠረ ሰው ነው፤ በአካል አይተዋወቁም።

«ቅጻችን ደረሰ አቶ ጃርሶ?»

«ደርሷል ጋሼ። ገብተዋል።»

«የት ገባሁ?»

«መዝገቡ ላይ ነዋ» ብሎ ሳቀ ጃርሶ። «ሁለት ሰው፣ የእርስዎ ስልክ፣ የልጅዎ ስልክ። ታዲያ ሦስተኛ ሰው ይዘው እንዳይመጡ። የእኛ አለቃ በቁጥር ቀልድ አያውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ሜዳው ከውሃው ስንት እርምጃ ነው?»

«አርባ ነበር። አሁን ሠላሳ ስድስት ነው፤ ውሃው ሞልቷል።»

ከጃርሶ ድምፅ ጀርባ ጉሬዛዎች ይንጫጫሉ፤ ከጉሬዛዎቹም ጀርባ ሌላ ነገር ይሰማል፣ እርጥብ ጨርቅ ድንጋይ ላይ ቀስ እየተባለ እንደሚመታ ያለ፣ የማያቋርጥ የውሃ ድምፅ። እንግዳሸት ኮረብታው ከሐይቁ ስምንት መቶ ሜትር እንደሚርቅ በካርታ ለክቶ ያውቃል። «የውሃ ድምፅ?» ብሎ ጻፈና ከጎኑ ሰዓቱን አስቀመጠ።

ረቡዕ ጠዋት ድንኳኑን ሊያናፍስ ዕቃ ቤት ገባ። አረንጓዴው ድንኳን ሦስት ዓመት ሙሉ ከላይኛው መደርደሪያ አልወረደም፤ ከረጢቱን ሲፈታው ግን እጁ ራሰ። ጣሪያውን በመዳፉ ዳሰሰ፣ ደረቅ ነው። ግድግዳውም ደረቅ ነው። ጨርቁ ብቻ፣ እቴነሽ በሰማያዊ ክር የሰፋችው ቀዳዳ ሳይቀር፣ ሌሊቱን ሜዳ ላይ እንዳደረ ሁሉ ጤዛ ጠጥቶ ከብዶ ነበር፤ የሚሸተውም የቆየ ጨርቅ ሳይሆን የበሰበሰ ቄጠማና ፀሐይ አይቶት የማያውቅ ጭቃ ነው። ግቢው ውስጥ አሰጣው፣ አሥራ ሁለቱን ካስማ ቆጠረ፣ ሲደርቅ አጥፎ መለሰው።

አሥር ሰዓት ላይ ለጃርሶ ደውሎ «ሜዳው ላይ ሌላ ሰው አለ?» ሲል ጠየቀ።

«ደርሰዋል እኮ ጋሼ።»

«እኔ ገና አሰላ ነኝ።»

«እርስዎን አላልኩም።»

«እነማን ናቸው ታዲያ? ስንት ናቸው?»

«አንድ ናቸው። እሳቸው ናቸዋ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ብቻቸውን ነው የመጡት። ‹ከሚመጡት ጋር ነኝ› ስላሉኝ አስገባኋቸው። ውሃው ዳር ነው የሚውሉት፤ ሰው ይጠብቃሉ።»

ጃርሶ ለትልቅ ሰው ሁሉ ከ«እርስዎ» እና ከ«እሳቸው» ሌላ የማያውቅ ጨዋ ሰው ነው። እንግዳሸት ዓሣ የሚያጠምድ፣ ካፖርት የለበሰ፣ ብቸኛ አዛውንት ታየው። «አንድ ሽማግሌ» ብሎ ጻፈ። ዛፎቹ መሐል ቦታ አይጠፋም ብሎም ራሱን አጽናና።

ሐሙስ ጠዋት ሽታው ከዕቃ ቤቱ አልፎ ኮሪደሩን ሞልቶት ነበር። ድንኳኑ እንደገና እርጥብ ነው። ካስማዎቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ ሁለቴ ቆጠረ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ደርድሮ ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረ። አሥራ አንዱም ላይ ጥቁር ጭቃ ተጋግሯል፤ በጣቱ ሲነካው ቀዝቃዛና ገና አሁን የተቆፈረ ነበር። ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ብቻውን የሚኖር ሰው የሚያውቀው፣ ማቀዝቀዣው ሲያቆም ጆሮ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ጸጥታ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ነገር ጠብ ይላል። የወጥ ቤቱን ቧንቧ አየ፣ የመታጠቢያውን አየ። ሁለቱም አያንጠባጥቡም።

«ሽማግሌው ማንን ነው የሚጠብቁት?» አለ አሥር ሰዓት ላይ።

«ጠየቅኳቸው ጋሼ» አለ ጃርሶ። ‎የውሃው ድምፅ ዛሬ ጎልቶ ከጉሬዛዎቹ ፊት መጥቷል። «‹መጣሁ ብሎኛል› ይላሉ። ሌላ ነገር አይናገሩም።»

እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ሌላ ሊጠይቅ ሲል መስመሩ ተቋረጠ።

ወዲያው የውቢትን ቁጥር አወጣ። አውራ ጣቱ መደወያው ላይ ሆኖ፣ ምን እንደሚላት አሰበ፤ ድንኳኑ ረጠበ ይበላት፣ አንድ ካስማ ጠፋ ይበላት፣ አንድ የማያውቀው ሰው ማንም የሚለውን ቃል አለ ይበላት? ትቀራለች። ከቀረች ደግሞ ሁለተኛ «እሺ አባዬ» አትለውም። መጀመሪያ ነገሩን በደንብ ላጣራ፣ ነገ እደውላለሁ ብሎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ዓርብ ጠዋት ድንኳኑ አልነበረም። መደርደሪያው ላይ አራት ማዕዘን እርጥበት፣ ከእርጥበቱም መሐል አንድ የቄጠማ ቅጠል ብቻ ቀርቷል። የበሩ ቁልፍ አልተነካም፤ መስኮቶቹ ከውስጥ እንደተቀረቀሩ ናቸው። ዕቃ ቤቱን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ግቢውን ሲያስስ አርፍዶ ወደ ጠረጴዛው የተመለሰው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ስልኩ ላይ ከንጋት ጀምሮ የተቀመጠ መልእክት ነበር።

«አባዬ፣ ጃርሶ ትናንት ከአሥር ሰዓት በኋላ ደውሎ ‹ደርሰዋል፣ ነገ ይጠብቁሻል› አለኝ። ብቻዬን አልቆምም ስላልኩ ነው አይደል ቀድመህ የሄድከው? በጠዋቱ መኪና ተሳፍሬአለሁ። ስለ አራቱ ደቂቃ ስንገናኝ እነግርሃለሁ። ካሁን በኋላ አላስብበትም።»

ደወለላት። አገልግሎት አይሰጥም። ጃርሶም ኮረብታው ላይ እስኪወጣ አይገኝም። እንግዳሸት ሳላጣራ አልነሳም ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ፣ በየአምስት ደቂቃው ሁለቱንም ቁጥሮች እያፈራረቀ ሞከረ፤ ከኮሪደሩ የሚመጣው ጠብታ ቀስ በቀስ ከግድግዳው ሰዓት ጋር እኩል መምታት ጀመረ።

አሥር ሰዓት ላይ ጃርሶ አነሳው።

«ደርሰዋል ጋሼ» አለ ደስ ብሎት። «ሁለቱም ደርሰዋል። አረንጓዴዋን ድንኳን፣ በሰማያዊ ክር የተሰፋችውን፣ ተክለዋል።»

«ልጄ የት ናት?»

«ውሃው ዳር ናት፣ ከእናቷ ጋር። ‹ለልጄ ደውልልኝ፣ ደርሳለች በላት› ብለው የለመኑኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ደርሳለች አይባልም ብዬ፣ ደርሰዋል አልኳት።»

እንግዳሸት ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። «ጃርሶ፣ ስማኝ። ሮጠህ ውረድና ከዚያ አውጣት። እኔም አሁኑኑ እነሳለሁ።»

«ወዴት እወርዳለሁ? ኮረብታው ላይ ነኝ፣ ከውሃው አራት እርምጃ» አለ ጃርሶ፣ ድምፁ ሳይለወጥ። «እርስዎማ መምጣት አይችሉም ጋሼ። ሁለት ሰው ነው ያስመዘገቡት። ሞልቷል።»

ከዚያ ጃርሶ ዝም አለ፣ ጉሬዛዎቹም ዝም አሉ፤ ውሃው ብቻ፣ ስልኩ ራሱ ውስጡ የተነከረ ይመስል፣ ከጆሮው ሥር ቀስ እያለ ይመታ ነበር። በውሃው ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሚያውቀው ድምፅ፣ ጀሪካን ሞልቶ የከበዳት ሴት እንደምትጣራ፣ «ውቢት» ብሎ አንድ ጊዜ ተጣራ።

«መጣሁ እማዬ» አለች ልጁ፤ እንግዳሸት ከልማዱ የተነሳ ሰዓቱን አየ፤ አንዲት ሰከንድ እንኳ አላስጠበቀቻትም።