ሦስተኛው ሳፋ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የዛሬዋ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ያወጣችላት ደህና ስም አላት፤ ጎረቤቱ ግን «ጥድፊያ» ይላታል። ስትበላም፣ ስታወራም፣ ደረጃ ስትወርድም ትቸኩላለቻ። የምትኖረው አንድ ክፍልና ጠባብ ግቢ ባለው ቤት ውስጥ ነው፤ ከእናቷ፣ ከስምንት ወር ወንድሟና «ጥጥ» ከሚባል ነጭ ውሻ ጋር። አባቷ ሩቅ አገር ስለሚሠራ አልፎ አልፎ ብቻ ይመጣል።

እናቷ የሰው ልብስ አጣቢ ናት። ግቢው ውስጥ ሦስት ሳፋ በተርታ ይቀመጣል። አንደኛው የሳሙና ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው የማለቅለቂያ ናቸው። የደንበኞቿን ልብስ እናትየው ራሷ በሦስቱም ታሳልፈዋለች። የሕፃኑን የሽንት ጨርቅና ጥጥ የሚተኛበትን ጆንያ ግን የምታለቀልቀው ጥድፊያ ናት። ለሦስተኛው ሳፋ ንጹሕ ውሃ ከመንገዱ ማዶ ካለው ቧንቧ በጀሪካን ይቀዳል። ቧንቧው ጋ ሰልፍ አለ። ከሰልፉ ጎን ደግሞ ገመድ የሚዘሉ ልጆች አሉ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አትመልሱልኝ፤ በልባችሁ ያዙት።

ጥድፊያ አንድ ቅዳሜ ውሃውን ሳትቀዳ ቀረች። ጨርቁንና ጆንያውን ሁለተኛው ሳፋ ውስጥ ነከር አድርጋ አሰጣቻቸው። ደረቁ። ሽታቸውም ደስ ይል ነበር። እናቷ በሦስቱም ማሳለፏን ስትጠይቃት «አዎ፣ እማዬ» አለች። ማንም አላወቀባትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደዚያው አደረገች። ከዚያ በኋላማ ልማድ ሆነ።

ወሩ ሳያልቅ ጥጥ ራሱን ማከክ ጀመረ። ተኝቶ ያካል፣ ተነሥቶ ያካል፣ ምግቡን ትቶ ያካል። የሆዱ ጸጉር በእፍኝ እየረገፈ ግቢው ውስጥ ይበር ጀመር። ከሥር ያለው ቆዳ ቀይ ነበር። ሳምንት ሳይቆይ የሕፃኑም ጭን ቀላ። ሲነኩት ይጮኻል። እናትየው ልጁን ታየዋለች፣ ውሻውን ታየዋለች፣ እንደገና ልጁን ታየዋለች። ውሻው እንዳስያዘው እርግጠኛ ሆነች።

የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ሐኪሙ ዝምተኛ ሰው ነው። ጸጉሩን በቀጭን ማበጠሪያ አበጠረ፤ ቁንጫ አላገኘም። ቆዳውን በስለት ጫፍ ፋቅ አድርጎ በማይክሮስኮፕ አየ፤ የእከክ ተባይም አላገኘም። ከዚያ ጥጥን በጀርባው አስተኝቶ ሆዱንና ክርኑን መረመረ።

«ጀርባው ደህና ነው» አለ። «የተመለጠው ሆዱና ክርኑ ብቻ ነው። ከሥር የሚነካው ነገር ነው የሚያቃጥለው። ምን ላይ ነው የሚተኛው?»

እናትየው ጆንያ ላይ እንደሚተኛ ነገረችው። በዱቄት ሳሙና እንደሚታጠብ፣ ልጇም በሁለት ሳፋ ውሃ እንደምታለቀልቀው በኩራት አስረዳች። ሐኪሙ ወደ ጥድፊያ ዞረ።

«በሁለቱም ታሳልፊዋለሽ፣ የኔ እመቤት?»

ልጆች፣ ጥድፊያ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት። እናቷ አጠገቧ ቆማለች። ጥጥ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ያያታል።

«አዎ» አለች።

ሐኪሙ «እንግዲያው ሳሙናው አይደለም» ብሎ ወረቀቱ ላይ የጻፈውን ሰረዘ። ቅባት ሰጣቸውና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ፣ ያን ጊዜ ምግቡን እንመረምራለን አላቸው።

እናትየው ግን ሁለት ሳምንት የምትጠብቅበት አንጀት አልነበራትም። ለወንድሟ ደወለች። እሱ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሩቅ ባለ የሸክላ ፋብሪካ ውስጥ ውሻ የሚፈልግ ዘበኛ ያውቃል። እሑድ ከሰዓት ሲያልፍ ሊወስደው ተስማሙ።

ጥድፊያ ሐሙስ ልናገር አለች፣ አልተናገረችም። ዓርብም አልተናገረችም። ቅዳሜ ጨርቁን ስታለቀልቅም ውሃ ልትቀዳ አልሄደችም፤ ዛሬ ብቀዳ እስከ ዛሬ አለመቅዳቴ ይታወቅብኛል ብላ ፈራች። አያችሁ ውሸት ሰውን እንዴት እንደሚያስረው?

እሑድ አጎቷ ገመድ ይዞ ገባ። ጥጥን ሲያየው ሳቁ መጣ።

«ጥጥ የምትሉት ይሄንን ነው? ተፈትሎ አልቆ የለ እንዴ!»

ማንም አልሳቀም። አጎትየው ገመዱን አንገቱ ላይ አሰረለት። ጥጥ አራት እግሩን ሲሚንቶው ላይ ተክሎ እምቢ አለ። ተሸከመውና ከነጆንያው መኪናው ላይ ጫነው። ሞተሩን አስነሣ።

ጥድፊያ ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። «አምላኬ፣ እኔ ሳልናገር አንተ አስቀርልኝ» አለች። ሞተሩ አልጠፋም። ጎማው አልተነፈሰም። እግዚአብሔር የሚጠብቀው የእሷን አፍ ነበር።

ሮጠች። ከመኪናው ኋላ ተንጠልጥላ ጆንያውን ጎተተችው። አጎቷ «አንቺ ልጅ፣ ትወድቂያለሽ!» ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ጥድፊያ ጆንያውን እናቷ ለደንበኛ ልብስ ባዘጋጀችው ሦስተኛ ሳፋ ውስጥ ደፍቃ በሁለት እጇ አሸችው። አረፋው ተነሣ። ጨመረ። የሳፋውን አፍ አልፎ መሬት ላይ ፈሰሰ።

«ሦስተኛውን ሳፋ ዘልዬዋለሁ፣ እማዬ» አለች። «ብዙ ቅዳሜ። የማሙሽንም ጨርቅ።»

እናትየው አረፋውን በሁለት ጣቷ አንሥታ አሸት አሸት አደረገችው። ቤት ገብታ ሕፃኑ ላይ የነበረውን ጨርቅ ፈትታ አመጣችና በሌላ ንጹሕ ውሃ ነከረችው። ያም አረፋ አወጣ። ያን ጊዜ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አጎትየው ጥጥን ከመኪናው አወረደው።

«አልመታሽም» አለች እናትየው በመጨረሻ። «ግን ነገ ሐኪሙ ዘንድ ሄደሽ፣ በራስሽ አፍ ትነግሪዋለሽ።»

ሄደች፤ ነገረችውም። እያለቀሰች ነበር፣ ግን አንድም ቃል አልቀነሰችም። ያን ቀን ጨርቁም ጆንያውም ውሃው ጥርት እስኪል ተለቀለቁ። የሕፃኑ ጭን በአምስት ቀን ዳነ። የጥጥ ጸጉር ግን ወራት ፈጀ። ከሁሉ የከበዳት ደግሞ ጥጥ በንጹሑ ጆንያ ላይ አልተኛም ማለቱ ነው፤ አሽትቶት ይሄድና ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ይጋደማል። ጥድፊያ አልተቆጣችውም፣ አልጎተተችውም። በየቀኑ ጆንያውን ታነጥፍለትና አጠገቡ ቁጭ ትላለች። ያቺ ችኩል ልጅ መጠበቅ ተማረች። አንድ ከሰዓት በኋላ ጥጥ ተነሣ፣ ጆንያውን ዞረው፣ አንድ እግሩን አስቀደመ፣ ከዚያ ሆዱን አሳረፈ።

ልጆቼ፣ ጥፋታችንን ስንደብቅ ቅጣቱን የሚሸከምልን ምንም ያላጠፋ ሌላ ነውና፣ ብንፈራም እውነቱን ቶሎ እንናገር።