በደጃችን የተተከለው ድንኳን

የማያምን አይመን። እኔ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ባቡሩ አቃቂ በሚቆምበት ዘመን ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ...

ነገሩ የጀመረው የእህቴ የአሰለፈች ባል የሞተ ጊዜ ነው። የባቡር ሠራተኛ ነበር። ከድሬዳዋ ተዛውረን ስለመጣን በሰፈሩ አንድ ዘመድ አልነበረንም።

ከየት እንደመጡ የማናውቃቸው ሴቶች ግን ድንኳኑን ሞሉት። ከእኛ በላይ አለቀሱ። ሳህን አጠቡ፣ ውኃ ቀዱ፣ እህቴን አቅፈው አደሩ።

እኔ ሞኟ መረቅኳቸው!

ከዚያ ትንሽ ትንሽ ይጠይቋት ጀመር። መጀመሪያ የሰው ለቅሶ አብራቸው እንድትደርስ። ቀጥሎ እነሱ ዘንድ እንድታድር። በኋላ የባሏን ፎቶግራፍ እንድታቃጥል...

"ተይ አሱ፣ ከሰው ሊነጥሉሽ ነው" አልኳት።

ፈገግ አለች። "እህትሽ እንዲህ ትልሻለች ብለውኝ ነበር።"

ብቆጣ "ብለውኝ ነበር።" ባለቅስ "ብለውኝ ነበር።" ዝም ብል እንኳ ዝምታዬን አስቀድመው ነግረዋታል። ምን ላድርግ?

አንድ ቀን ከሐዲዱ ማዶ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ።

"እህቴን ስጡኝ! አለዚያ ፖሊስ አመጣለሁ!"

ታላቃቸው እትዬ ጠጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"አይዞሽ ልጄ... እናለቅስልሻለን።"

ፖሊሶቹም "በፈቃዷ ከሄደች ምን እናድርግ?" ብለው መለሱኝ። እየተብከነከንኩ ቤቴ ስደርስ ደጃችን ላይ ድንኳን ተተክሏል።

ጎረቤቴ አቻምየለሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በአጠገቤ አለፈች።

"አቻምየለሽ! ማን ሞተ?"

ዞር ብላም አላየችኝ።

ከውስጥ የእህቴ ድምፅ ተሰማኝ። ደረቷን ትመታለች።

"ብዙዬ! እህቴ ብዙወርቅ!"

"አሱ፣ አለሁ እኮ!" ትከሻዋን ያዝኳት። እጄን እንደ ዝንብ እሽ አለችው።

ጮህኩ። ለመንኩ። ሰፈርተኛው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል። እነዚያ ሴቶች ያልደረሱለት ለቅሶ የለም፤ ዛሬ ብድሩን ሊመልስ መጥቷል።

እትዬ ጠጄ ብቻ ቀና ብለው አዩኝ። አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

"ነይ ተቀመጪ... አልቅሺ፣ ይወጣልሻል።"

ተቀመጥኩ። ምን ብዬ ልንገራችሁ... እኔም ከእነሱ ጋር አለቀስኩ።

ያኔ አራት ወንዶች የሬሳ ሳጥን ተሸክመው ከቤቴ ወጡ።

ባዶ መሆን አለበት። እኔ እዚህ ነኝ።

ሰዎቹ ግን ከክብደቱ የተነሳ ጎብጠዋል። ከፊት ያለው ላቡን በትከሻው እየጠረገ ለጓደኛው ሹክ አለ።

"ቀስ... ትከብዳለች።"