ያልተተረጎመው ዚፕ

«የስፌት ሥልጠናውን ሙሉ በሙሉ ጨርሰዋል?» አሉ የብድርና ቁጠባ ማኅበሩ ባለሙያ ወይዘሮ የሺመቤት፣ ቅጹን ከፊታቸው ዘርግተው።

ዳርቱ ጥያቄውን ለእናቷ ለዲንቄ በኦሮምኛ ነገረቻት። ገና አሥራ አራት ዓመቷ ቢሆንም በክሊኒክም፣ በቀበሌም የእናቷ አስተርጓሚ እሷ ናት። ዲንቄ ቀስ ተብሎ ከተነገረ አማርኛ ትሰማለች፤ መናገሩን ግን ይስቁብኛል ብላ ትፈራለች።

ዲንቄ በኦሮምኛ ረጅም መልስ ሰጠች። «የመጨረሻውን ሁለት ሳምንት ወንድምሽ ታሞ አልሄድኩም። ዚፕ መግጠም አልተማርኩም። ሁለት ቀሚስ አበላሽቻለሁ፤ እሱንም ንገሪያቸው።»

ዳርቱ ደነገጠች። የስፌት መኪና መግዣው ብድር የሚሰጠው አምስት ሴቶች አንድ ላይ ሆነው እርስ በርስ ዋስ ሲሆኑ ነው። አራቱ ጥያቄውን አልፈው ኮሪደሩ ላይ እየጠበቁ ነው። እናቷ ከወደቀች አምስቱም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፤ እናቷም እንደ ድሮው ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ልትወርድ ነው።

«አዎ፣ ጨርሳለች» አለች ዳርቱ ፈጠን ብላ። «አሠልጣኟም ጎበዝ ነሽ ብለዋታል።»

ወይዘሮ የሺመቤት ፈገግ ብለው መጻፍ ጀመሩ። ዲንቄ ግን ልጇን በክርኗ ጎሸም አድርጋ በኦሮምኛ ጠየቀቻት።

«ያን ሁሉ ተናግሬ አንቺ ይህቺን ብቻ? ዚፕ ስትይ አልሰማሁም። ዚፕ እንደሆነ በኦሮምኛም ዚፕ ነው።»

«ኧረ እማዬ፣ አታካብጂ። በኋላ ትማሪዋለሽ።»

«የሰው ልጅ ሱሪው ተከፍቶ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ሲቆም እናቱ ምን ትለኛለች?»

ዳርቱ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ወዲያው ግን አፈረች፤ በጣም አፈረች።

«ይቅርታ፣ እናቴ ያለችውን አልነገርኩዎትም» አለች። ከዚያም የተበላሹት ሁለት ቀሚሶች ሳይቀሩ ሁሉንም አንድ በአንድ ተረጎመች።

ወይዘሮ የሺመቤት እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ዚፕ ያስቸገራቸው እናትሽ ብቻ መሰሉሽ? ሁሉም እችላለሁ ብሎ ይፈርማል፤ መኪናውን ከወሰደ በኋላ ነው ጉዱ የሚወጣው። በይ ንገሪያቸው፤ ሰኞ አዲስ ዙር ይጀመራል። የቀራቸውን ሁለት ሳምንት ሲጨርሱ አምስቱም ብድሩን ይወስዳሉ።»

ዳርቱ በደስታ እየተንተባተበች ተረጎመች። የዲንቄ ፊት በራ።

«ለመሆኑ መጀመሪያ ምን ሊሰፉ ነው?» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት፣ አሁን ዲንቄን እያዩ፣ ቀስ ብለው።

ዲንቄ እንደ ልማዷ ወደ ልጇ ዞረች። ዳርቱ መልሱን ታውቀዋለች፤ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ ከጠፋ ወር ሆኖታል። አፏን ከፈተች፤ ከዚያ እናቷ ራሷ ትናገር ብላ መልሳ ዘጋችው።

«ዩኒፎርም» አለች ዲንቄ በአማርኛ። ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጠንካራ ጨርቅ። ኪሱ... ኪሱ...»

ቃሉ ጠፍቶባት እንደገና ልጇን ፈለገች። ዳርቱ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ በሲግናል ሰፈር መንገድ የሚያልፉትን ታክሲዎች መቁጠር ጀምራለች።