ወተቱ ገብቷል

ሩፐርት ኤንስሊ በገዛ አዳራሹ ወለል ላይ ተንጋሎ፣ ፊቱ አብጦ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ከራሱ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ «አእምሮህ ሞተር ነው፤ ፍሬኑን እናበጅልሃለን» የሚል ጽሑፍ በብርቱካናማ ቀለም ተንዠርግጓል። መርማሪ ኖሪን ቫስኮ መጀመሪያ ሬሳውን፣ ቀጥሎ ጽሑፉን አየችና የትኛው ይበልጥ እንዳስከፋት ለመወሰን ተቸገረች።

ቤቱ ሆባርት ከተማ ውስጥ፣ ከተራራው በታች ባለው ዳገት ላይ ነው። ሐኪሞች ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሚሉት ችግር ያለባቸው፣ ሐሳባቸው አልረጋ፣ ሥራቸው አልጨረስ የሚላቸው አዋቂዎች ለምክርና ለሥልጠና ይመጡበታል። ኖሪን ስለዚህ ነገር ያላት አስተያየት አጭር ነበር። በእሷ ልጅነት ስሙ ስንፍና ነበር፤ ሕክምናውም የአባት ቁጣ። አሁን ጊዜ ወጥቶለት፣ ቤት ተከራይቶ፣ ለስላሳ ወንበር ላይ ጉብ ብሏል።

ኮንስታብል ግሪም ነገሩን ጨርሶ እንደተቀመጠ ሰው በሩ ላይ ጠበቃት።

«አደጋ ነው አለቃ» አላት። «ሰውየው ኦቾሎኒ ከቀመሰ የሚገድል አለርጂ ነበረበት። ታምዚን ኦኬል የምትባል ደንበኛ ብስኩት ጋግራ አመጣች፤ አንድ ጎረሰና ወደቀ። እኔ ነኝ የገደልኩት እያለች ታለቅሳለች። ምን ቀረን?»

«ማሰብ» አለችውና አልፋው ገባች።

ወጥ ቤቱን ስታይ ግንባሯን ቋጠረች። ቁምሳጥኖቹ በሙሉ በራቸው ተነቅሏል። ስኳሩ፣ ሻዩ፣ ሹካና ማንኪያው ሁሉ ዓይን ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ያላዩትን ነገር እንደሌለ ስለሚቆጥሩት ነው ብሎ ግሪም አስረዳት። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የተከበበ ባዶ መስቀያ አለ፤ የሩፐርት ነፍስ አድን መርፌ የሚሰቀልበት ነው። መርፌው ግን የተገኘው ዘግይቶ፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከወተቱ ጠርሙስ ፊት ተጋድሞ ነው።

የብስኩቱ ጣሳ ጠረጴዛው ላይ ክፍቱን ቆሟል። የአጃ ብስኩቶቹ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ክብ፣ ሁሉም ወርቃማ ናቸው። ኖሪን በጓንት አንዱን ገለበጠችው፤ ከሥሩም እንደ ላዩ ያምራል። ስትሰብረው ከኮኮናቱና ከሽሮፑ ሽታ ሥር የኦቾሎኒ ሽታ ብቅ አለ። ሟቹ ሰሞኑን ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ተደፍኖ እንደነበር ግሪም ነገራት።

«ከዚህ ቤት የሚወጣ ሰው ሁሉ ቦርሳው ይፈተሽ» አለች።

«ከጠዋት ጀምሮ ማንም አልወጣም።»

«ጎበዝ። አንድ ነገር ሠርተሃል ማለት ነው።»

የቤቱ ሁለተኛ ባለቤት ፊሊፓ ድሩ ቢሮዋ ውስጥ ጠበቀቻት። ነጭ በፍታ ለብሳ፣ ሕፃን እንደምታስተኛ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው። ኖሪን እንዲህ ዓይነቱን ድምፅ ስትሰማ ጥርሷን ያማታል። ከፊሊፓ ጀርባ አንድ የብረት ቁምሳጥን አለ፤ በር አለው፣ በሩም ቁልፍ አለው።

«የደንበኞች ምስጢር ነው» አለች ፊሊፓ፣ ዓይኗን ተከትላ። «መርማሪ፣ ማንም ላይ ጣቴን መቀሰር አልፈልግም።»

«እንግዲያው ቶሎ ይቀስሩና እንገላገል።»

«ታምዚን ክፉ አይደለችም። ግን እንዲህ ያሉ ሰዎችን ያውቋቸዋል። አንዱን ጀምረው ሌላው ላይ ይገኛሉ። ቁልፋቸውን ጫማ ውስጥ፣ ስልካቸውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይከታሉ። ለወንድሟ የገዛችው የኦቾሎኒ ዱቄት ቤቷ አለ፤ ብልቃጡ ላይ ምንም አልተጻፈበትም። ይህንንም፣ ዛሬ የአጃ ብስኩት እንደምታመጣም የነገረችን በቡድን ውይይት ላይ ነው። ምስጢር ነው፣ ማውራት አልነበረብኝም።»

«ግን አወሩት። አለርጂ ያለበት ሰው ታዲያ የእሷን ብስኩት ለምን ይበላል?»

«የሚያምናት ሰው እንዳለ እንድታውቅ ነዋ! ሩፐርት እንደዚያ ነበር።» ፊሊፓ ከንፈሯን መጠጠች። «ሲወድቅ መርፌውን ላመጣ ወደ ወጥ ቤት የሮጥኩት እኔ ነኝ። መስቀያው ባዶ ነው። ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት።»

«ማቀዝቀዣውን አላዩም?»

«ማን ጤነኛ ሰው ማቀዝቀዣ ውስጥ መርፌ ይፈልጋል?»

«ስልካቸውን እዚያ ይከታሉ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ደንግጬ ነበር» አለች ፊሊፓ።

«ከሻዩ በፊት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። እነሱ አዳራሽ ውስጥ ‹ጎን ለጎን› ላይ ነበሩ። ሁሉም የየራሱን ሥራ ይዞ በዝምታ ይቀመጣል። አጠገባቸው ሰው ካለ ሥራው ይገፋላቸዋል። ከቤታቸውም ሆነው በስልክ እየተያዩ እንዲለማመዱ የቤት ሥራ እንሰጣቸዋለን።» ፈገግ አለች። «ሩፐርት አብሯቸው ይቀመጥ ነበር። እኔ አያስፈልገኝም።»

ታምዚን ደረጃው ላይ ባዶ ኩባያ ታቅፋ ተቀምጣለች። አበባ ሻጭ ናት፤ ጥፍሯ ሥር አሁንም አፈር አለ። ኖሪን የሚያለቅስ ሰው አትወድም፤ በተለይ ሳይጠየቅ የሚናዘዝ ሰው ጭራሽ አትወድም።

«የልጄ ጉዳይ በሚቀጥለው ሳምንት ፍርድ ቤት ይቀርባል» አለች ታምዚን። «አባቷ፣ ራሷን የማትጠብቅ ሴት፣ ልጅ እንዴት ትጠብቃለች ይላል። እውነቱን ነው። ይኸው ሰው ገደልኩ። ጻፊውና እፈርማለሁ።»

«ቀስ በይ። የኦቾሎኒ ዱቄት ጨምረሻል?»

«ቆሻሻ ውስጥ የደፋሁት ይመስለኛል። ግን እኔን ማመን አይቻልም። ብስኩቱም…»

«ብስኩቱ ምን?»

«ያሳረርኩት መስሎኝ ነበር። ሥሩ ከሰል የመሰለ። ጣሳውን ስከፍተው ግን ያማረ ነው። ያረረው ያለፈው ጊዜ ነው መሰለኝ ብዬ ዝም አልኩ። እንዲህ ይሆንብኛል።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ያምነኛል? እኔ ራሴ አላመንኩም!»

ለቅሶው ኖሪንን አሁንም አበሳጭቷታል፤ ይህችን የመጨረሻዋን አነጋገር ግን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈቻት።

ሌላው ደንበኛ፣ ቤቫን ታከር፣ ጓሮ ውስጥ የጎማ ኳስ እያነጠረ ይንጎራደዳል። ሕንፃ ላይ መወጣጫ ብረት የሚተክል፣ አንገቱ ከትከሻው ጋር የገጠመ ሰውዬ ነው።

«ከሟቹ ጋር ባለፈው ሳምንት ተጣልተሃል አሉ።»

«ፊሊፓ ናት ያለችሽ? ትበል! አዎ፣ ጮኼበታለሁ። መኪና ውስጥ ሆኜ ፖድካስት የሚሉትን የኢንተርኔት ወሬ ስሰማ፣ ድምፅዋን ያጎረነነች ሴት የእኔን ታሪክ ታወራለች። እኔና ሚስቴ፣ እዚህ ብቻ የተናገርኩት ጉድ! ‹ግንድ አንገቱ› ትለኛለች፣ ሰው ይንከተከታል። ታምዚንም አለችበት፣ ‹ስልክ አቀዝቃዥዋ› ተብላ። ሩፐርት ምስጢሬን የሸጠው መስሎኝ አንገቱን ላንቀው ነበር።»

«ምን አለህ?»

«ነጭ ሆነ። ‹እኔ አይደለሁም፤ ማን እንደሆነ ግን አውቃለሁ፤ ሰኞ የአማካሪዎችን ፈቃድ ለሚሰጠው ቦርድ እነግራለሁ› አለኝ። ዛሬ ዓርብ ነው ወዳጄ። ሰኞን አላያትም።» ኳሱን አነጠረ።

«ብስኩቱን በላህ?»

«እኔ ከሰል አልበላም። ጣሳውን ዞር ብዬም አላየሁት።»

«ከሰል መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ትናንት አብረን ነበርን አይደል! የቤት ሥራችንን፣ ጎን ለጎን በስልክ። እኔ ልብስ አጥፋለሁ፣ እሷ ትጋግራለች። መጀመሪያ የወንድሟን የኦቾሎኒ ዱቄት ቆሻሻ ውስጥ ገለበጠችና ‹ተደፍቷል!› ብላ ጮኸች፤ እኔም ‹ሰምተናል!› አልኳት። ከዚያ ስለ ካልሲዎቼ ስትቀልድ ምድጃውን ረሳችው። የብስኩቶቹ ሥር ድብን ብሏል! ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩባት። ሩፐርት የተጨረሰ ነገር አምጡ እንጂ ያማረ አምጡ አላለም ብዬ እንዳለ አምጪው አልኳት።»

«ጩኸቱ ምንድን ነው?»

«የቤቱ ደንብ ነው። ሥራ ስትጨርሺ ጮክ ብለሽ ትናገሪያለሽ፤ የሰማ ‹ሰምተናል› ይላል። አለበለዚያ የኛ ጭንቅላት መጨረሱን አይመዘግበውም። ቂልነት ይመስላል፣ አይደል?»

«ይመስላል» አለች ኖሪን።

«ቢመስልም ይሠራል። ዛሬ ሻዩን ቀድቼ ወተቱን መለስኩና ‹ወተቱ ገብቷል!› አልኩ። ሩፐርት ከአዳራሽ ‹ሰምተናል!› አለኝ።» ኳሱ ከእጁ አምልጦ ሣሩ ላይ ተንከባለለ፤ አልተከተለውም። «ከዚያ ወዲያ ጤነኛ ድምፁን አልሰማሁም።»

ከሰዓት በኋላ የፍተሻ ፈቃዱ ደረሰ። ኖሪን ሦስቱን ሰዎች ሬሳው ከተነሣበት አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ፊሊፓ ታምዚንን አቅፋ ገባች፤ ኖሪን ክንዷን እንድታነሣላት ጠየቀቻት።

«አጭር ነው» አለች ኖሪን። «ሩፐርት ኤንስሊ በስህተት አልሞተም። ትናንት ታምዚን የጋገረችው ብስኩት ሥሩ አሯል። ጣሳው ውስጥ ያለው አላረረም። ስለዚህ ጣሳው ውስጥ ያለው የታምዚን አይደለም። በጎን ለጎኑ ሰዓት፣ ሁሉም እዚህ ተቀምጦ፣ ጣሳው ወጥ ቤት ሳለ፣ ሌላ ሰው ራሱ የጋገረውን ኦቾሎኒ ያለበት ብስኩት ለውጦ አስገብቷል።»

ታምዚን ቀና አለች። «አሯል? በእርግጥ አሯል?»

«ከሰል ነበር አልኩሽ እኮ!» አለ ቤቫን።

«ሁለተኛው መርፌው ነው። ቤቫን፣ ወተቱን ስትመልስ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከፊት ምን ነበር?»

«ምንም። ባዶ መደርደሪያ።»

«መርፌው የተገኘው ከወተቱ ፊት ነው። ስለዚህ እዚያ የገባው ‹ወተቱ ገብቷል› ከተባለ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ወጥ ቤት የገባ ማን ነው?»

ሁሉም አንዲት ሴት ላይ አፈጠጠ።

«ላድነው ነው የገባሁት!» አለች ፊሊፓ። ድምፅዋ ልስላሴውን ጥሏል። «መርማሪ፣ ትንሽ እንኳ አያፍሩም? ምስክሮችዎ እነማን እንደሆኑ ይመልከቱ! አንዷ ጠዋት የበላችውን አታስታውስም። አንዱ ወተት መመለሱን ያስታውሳል ይሉኛል፤ እሱ ሚስቱ የተወለደችበትን ቀን ረስቶ የተባረረ ሰው ነው!»

«ወተት መመለሱን በማስታወስ አይደለም ያወቅነው። ጮኾ ተናግሯል፤ ሟቹ መልሶለታል። ታምዚን፣ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እርስዎም ቢሮዎ ሆነው ሰምተዋል» አለች ኖሪን ወደ ፊሊፓ ዞራ። «ግን ከሰለቸዎት ስንት ጊዜው። ይህን ጩኸት ለሰው የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት፤ ለእርስዎ ግን የዝንብ ድምፅ ነው። የመረጡት መርዝ አይደለም ወይዘሮ ድሩ፤ የመረጡት ራሷን የማታምን ሴት ነው። ጣሳውን ሲከፍቱ ብስኩቱ ማረሩን አይተዋል። ግድ አልሰጠዎትም። ‹አሯል ብላ ብትናገርም ማንም አያምናት፣ እሷም አታምነው› አሉ። ልክ ነበሩ፤ አላመነችውም። አንድ ነገር ብቻ አልገመቱም።»

«ምን?»

«የቤት ሥራቸውን መሥራታቸውን።»

ፊሊፓ ሳቀች። አስቀያሚ ሳቅ ነበር። «አይሠሩም! ስንት ዓመት ስሰጣቸው አንድ ቀን ሠርተው አያውቁም! ይረሳሉ፣ ይዋሻሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ! ሩፐርት ብቻ ነው እንደ ሰው…» አቋረጠች።

ግሪም በሩ ላይ ብቅ አለ። እጁ ላይ ያለው ግልጽ ከረጢት ከሥር ድብን ባሉ ብስኩቶች ተሞልቷል።

«ከብረት ቁምሳጥኑ ውስጥ ነው አለቃ።»

«ሌላ የት ትደብቀው?» አለች ኖሪን። «ቤቱን ሙሉ በር ነቅላ፣ ለራሷ አንዲት አስቀረች። የእነዚህን ሰዎች ገመና በፖድካስቱ ለመሳቂያ አውጥታ ዘራች፤ ሩፐርት ሰኞ ሊያጋልጣት ሲል ደግሞ ከመካከላቸው አንዷን ወንጀለኛ እንድትሆን መረጠች። ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይቻለሁ። ሰክረው የገደሉ፣ ፈርተው የገደሉ። የአንዳንዶቹን ሻይ ጠጥቻለሁ። የእርስዎን ውኃም አልጠጣ። ውሰዳት ግሪም።»

ፊሊፓ ስትወጣ ማንንም አላየችም። ቤቫን ግን በሩን ያዘላት፤ ለማክበር ሳይሆን ቶሎ እንድትወጣለት ነው።

ታምዚን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። «እንግዲያው አስታውሼ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«አስታውሰሽ ነበር። ዱቄቱንም ደፍተሻል፣ ብስኩቱንም አሳርረሻል። በሚቀጥለው ሳምንት ፍርድ ቤት ከፈለግሽኝ መጥቼ እንዲሁ እላለሁ። ቃል በቃል።»

ታምዚን እጇ ላይ ባዶው ኩባያ እንዳለ ትዝ አላት መሰል፣ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ውኃ ሲንፏፏ ተሰማ። ኖሪን ኮቷን ለብሳ የውጭውን በር ያዘች። ብርቱካናማውን ጽሑፍና ለስላሳ ወንበሮቹን ለመጨረሻ ጊዜ ገላመጠቻቸው፤ አሁንም አስቀያሚ ናቸው።

«ኩባያዎቹ ታጥበዋል!» አለች ታምዚን ከውስጥ።

መልስ የለም። ይመልስ የነበረው ሰው አስከሬኑ ወጥቷል። ቤቫን አፉን በእጁ ይዞ ወለሉን ያያል። ውኃው ቆመ።

ኖሪን ቫስኮ እንዲህ ያለ ቂልነት በሕይወቷ ሠርታ አታውቅም። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሰምተናል!» አለች፣ ወጥ ቤቱ ድረስ እንዲሰማ አድርጋ፣ ከዚያ በሩን ዘግታ ወጣች።